ጆርጅ ደ ሄቨሺና የተሰወረውን የመግለጥ ጥበብ

የሰው ድካም ሁሉ የታሰበለትን ፍሬ አያፈራም፤ አስተዋይ ሰው ግን ካልተሳካለት ሥራ እንኳ ለብዙዎች የሚሆን ጥቅም ያገኛል። ለዚህም የሊቁ የጆርጅ ደ ሄቨሺ ሕይወት መልካም ምሳሌ ነው።

ሄቨሺ በሀንጋሪ ዋና ከተማ በቡዳፔስት በ1885 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ተወለደ። በጀርመን አገር በፍራይቡርግ ተምሮ በ1908 የዶክቶርነት ማዕርግ ተቀበለ። በ1911 ወደ እንግሊዝ አገር ወደ ማንችስተር ሄዶ በታላቁ ሊቅ በራዘርፎርድ ዘንድ ሲሠራ፤ ራዲየም ዲ የሚባለውን ጨረር የሚያወጣ ነገር ከእርሳስ እንዲለይ ታዘዘ። ብዙ ጊዜ ቢደክምም ሊለየው አልቻለም፤ ኋላ እንደ ታወቀው ራዲየም ዲ የተባለው ራሱ የእርሳስ ዓይነት ነበረና።

ሌላ ሰው ቢሆን ተስፋ ቆርጦ በተወው ነበር። ሄቨሺ ግን ነገሩን በሌላ ፊት ተመለከተው። ሁለቱ የማይለያዩ ከሆነ፤ ጨረር የሚያወጣው ጥቂቱ ከብዙው እርሳስ ጋራ ቢደባለቅ፤ እርሳሱ የሄደበትን ሁሉ እንደሚያመለክት አስተዋለ። ይህም እረኛ ባንዲት ፍየል አንገት ቃጭል አስሮ፤ መንጋው በጫካ ቢሰወርበት በድምፁ የደረሰበትን እንደሚያውቅ ያለ ነው።

ይህንንም አሳብ በ1913 በቪየና ከፓኔት ጋራ በሥራ ፈተነው። በ1923 በኮፐንሃገን እርሳስ ከባቄላ ሥር ወደ ቅጠሉ እንዴት እንደሚወጣ ተከታተለ። ትውልዱ ከአይሁድ ወገን ስለ ነበረ፤ ናዚዎች ሥልጣን ከያዙ በኋላ በ1934 የፍራይቡርግ መምህርነቱን ትቶ ወደ ኮፐንሃገን ተመለሰ። በ1935ም ጨረር የሚያወጣ ፎስፎረስ ለአይጦች አብልቶ፤ የማይለወጥ ይመስል የነበረው አጥንት ዘወትር እንደሚታደስ አስረዳ። ዴንማርክ በጀርመን ጦር ተይዛ ሳለች በ1943 ወደ ስዊድን ተሰደደ፤ ስለዚሁም ሥራው የዚያ ዓመት የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተሰጠው። በ1966 በፍራይቡርግ አረፈ፤ በ2001 ዐፅሙ ወደ ትውልድ ከተማው ፈለሰ።

የጥበቡ ፍሬ ዛሬ በየታላላቁ ሆስፒታል ይታያል። ሐኪሞች ጨረር የሚያወጣ ፍሎሪን የተያያዘበትን ጥቂት ስኳር በበሽተኛው ደም ሥር ይሰጣሉ። ብዙው የነቀርሳ ዕጢ ስኳርን ከጤነኛው ሥጋ አብልጦ ስለሚስብ መድኃኒቱ በዚያ ይከማቻል፤ መሣሪያውም ጨረሩን ከውጭ ተቀብሎ፤ ገላው በስለት ሳይነካ፤ ሥፍራውን በሥዕል ያሳያል። የፍሎሪኑም ኃይል በ110 ደቂቃ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ነገር ግን በብግነት የተቆጣ ሥጋም ስኳርን እንዲሁ ስለሚስብ፤ ሥዕሉ ምስክር እንጂ ዳኛ አይደለም፤ መርምሮ የሚለይ ሐኪም ያስፈልገዋል።

እንግዲህ ሥራ የሚያዝም ሆነ የሚታዘዝ ሰው፤ ያልተሳካውን ነገር ከመጣሉ አስቀድሞ ያልተሳካበትን ምክንያት ሊመረምር ይገባዋል። ሄቨሺ ከእርሳስ መለየት ያቃተውን ነገር ንቆ ጥሎት ቢሆን፤ ብዙ በሽታ ጊዜው ካለፈ በኋላ ብቻ በታወቀ ነበር።