የአሲዚው ፍራንቸስኮስ

በኢጣልያ አገር መካከል፥ ኡምብሪያ በሚባለው ክፍል፥ ሱባዚዮ የሚሉት ተራራ አለ። በዚህ ተራራ ጎን ላይ አሲዚ የምትባል ጥንታዊት ከተማ ተሠርታለች። ቤቶቿ ከተራራው በተፈለጠ ነጭና ቀላ ያለ ድንጋይ የታነጹ ናቸው፤ መንገዶቿም ጠባቦችና ዳገታሞች ናቸው። ይህችን ከተማ በዓለም ሁሉ ያስጠራት ግን ድንጋይዋ አይደለም፤ ልጇ ቅዱስ ፍራንቸስኮስ ነው።

ፍራንቸስኮስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1181 ወይም በ1182 ዓመት ተወለደ። አባቱ ፒየትሮ በርናርዶኔ ባለጠጋ የጨርቅ ነጋዴ ነበር። ልጁም በወጣትነቱ ያማረ ልብስ መልበስና ባልንጀሮቹን መጋበዝ ይወድ ነበር፤ ገንዘብም በእጁ አይበረክትም ነበር። በ1202 ዓመት አሲዚ ከጎረቤቷ ከፔሩጃ ከተማ ጋር በተዋጋች ጊዜ ፍራንቸስኮስ ተማረከ፤ አንድ ዓመት ያህልም ታሰረ። ከወጣም በኋላ በጽኑ ታመመ። ከዚያ ወዲህ የቀድሞው ግብዣና ዘፈን ደስ አላሰኘውም።

በዚያ ዘመን ለምጻሞችን ሰው ሁሉ ይሸሻቸው ነበር፤ ፍራንቸስኮስም እጅግ ይጸየፋቸው ነበር። አንድ ቀን ግን በፈረስ ሲሄድ ለምጻም አገኘና ከፈረሱ ወረደ፤ ገንዘብም ሰጠው፥ እጁንም ሳመው።

ከከተማይቱ ቅጥር ውጭ ልትፈርስ የተቃረበች የቅዱስ ዳምያኖስ ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ፍራንቸስኮስ በዚያ ሲጸልይ ቤቱን እንዲያድስ እግዚአብሔር ያዘዘው መሆኑን አመነ። ስለዚህ ከአባቱ ቤት ጨርቅ ወስዶ ወደ ፎሊኞ ከተማ ሄደ፤ ጨርቁንና የተቀመጠበትን ፈረስ ሸጦ ገንዘቡን ለካህኑ አመጣለት። ካህኑ ግን አባቱን ፈርቶ ሳይቀበለው ቀረ። ፍራንቸስኮስም ገንዘቡን በመስኮቱ ላይ ጣለው።

አባቱ ይህን በሰማ ጊዜ እጅግ ተቆጣ፤ ልጁንም በቤት አሰረው፤ በመጨረሻም በጳጳሱ ፊት ከሰሰው። ጳጳሱም ፍራንቸስኮስ ገንዘቡን ለአባቱ እንዲመልስ መከረው፤ በማይገባ መንገድ የተገኘ ገንዘብ ለቤተ ክርስቲያን ሥራ ቢሰጥም እንኳ እግዚአብሔርን ደስ አያሰኘውምና። ፍራንቸስኮስ ጥፋቱን አልሸፈነም፤ በሕዝቡ ፊት ገንዘቡን መለሰ። የለበሰውንም ልብስ፥ አባቱ የገዛለት ነበርና፥ አውልቆ አኖረ። ጳጳሱም በካባው ሸፈነው። ይህ በ1206 ዓመት ገደማ ሆነ። በዚያ ቀን አባትና ልጅ ተለያዩ፤ ቀኑም ለሁለቱ መራራ ነበር።

ከዚያ በኋላ ፍራንቸስኮስ ገንዘብ አልነበረውም፤ ነገር ግን ሁለት እጆች ነበሩት። በአሲዚ መንገዶች እየዞረ ድንጋይ ለመነ፤ በትከሻውም ተሸክሞ ቤተ ክርስቲያኒቱን በገዛ እጁ አደሰ። ብዙዎች ሣቁበት፤ እርሱ ግን ሥራውን አልተወም። ቆይቶም ሌሎች ሰዎች ተከተሉት፤ የሮማ ሊቀ ጳጳሳት ኢኖሰንስ ሦስተኛም በ1209 ዓመት ሥርዓታቸውን ፈቀደላቸው። በ1219 ዓመት የመስቀል ጦርነት ሳለ፥ ፍራንቸስኮስ ያለ መሣሪያ ወደ ግብጽ ሄዶ ከሡልጣን አል ካሚል ጋር ተነጋገረ፤ በደኅናም ተመለሰ።

በኦክቶበር 3 ቀን 1226 ዓመት ከአሲዚ በታች ባለው ሜዳ፥ በባዶ መሬት ላይ ተኝቶ ዐረፈ። በ1228 ዓመት ቅዱስ ተባለ፤ በዚያው ዓመት የታላቁ ቤተ ክርስቲያን መሠረት በአሲዚ ተጣለ፤ መቃብሩም በዚያ ይገኛል። በየዓመቱ ኦክቶበር 4 ቀን በሚከበረው በዓሉ፥ ከኢጣልያ ክፍላተ ሀገር አንዱ በተራው በመቃብሩ ላይ ለሚነደው መብራት ዘይት ያመጣል። እንግዶችም ከዚያ ወጥተው ወደ ቅዱስ ዳምያኖስ ይወርዳሉ፤ ፍራንቸስኮስ ያደሳትን ቤተ ክርስቲያንም ያያሉ።

ከሰው ቤት ወስዶ መስጠት ቀላል ነው፤ ልግስና ግን አይባልም። ፍራንቸስኮስ የአባቱን ገንዘብ ባመጣ ጊዜ ስጦታው ተመለሰ፤ የገዛ ድካሙን በሰጠ ጊዜ ግን ቤቱ ቆመ። ስለዚህ ምንም የሌለው ድኻ እንኳ የሚሰጠው አያጣም፤ የእጁ ሥራ የራሱ ነውና።