ዦርዥ ሜልዬስ፦ ከአስፈሪ ፊልም ጀማሪነት እስከ አሻንጉሊት ሱቅ

ሞጆ፤ ከጅቡቲ ተጉዞ ሞጆ ደረቅ ወደብ የሚደርስ ኮንቴይነር በቁጥሩ ይመዘገባል፤ የባለቤቱ ሰነድ ይመረመራል፤ ተገቢው ቀረጥና ታክስ ከተከፈለበት በኋላም ለባለቤቱ ይለቀቃል። ባለቤቱ ያልታወቀ ዕቃ ዕጣ ፈንታው ምን ሊሆን እንደሚችል በዚህ መስክ የተሰማሩ ሠራተኞች ያውቁታል። የባለቤትነት ምዝገባና የሰነድ አያያዝ ለሸቀጥ ብቻ ሳይሆን ለጥበብ ሥራም የቱን ያህል አስፈላጊ እንደሆነ ከሚያስረዱ የሕይወት ታሪኮች አንዱ፣ ከመቶ ዓመታት በፊት አስፈሪና ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ፊልሞችን ለዓለም ያስተዋወቁት የፈረንሳዊው የፊልም አዘጋጅ የዦርዥ ሜልዬስ ታሪክ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሜልዬስን ሕይወት የሚመለከቱት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የቀረቡ ናቸው።

ሜልዬስ የተወለዱት በታኅሣሥ ወር 1861 በፓሪስ ከተማ ሲሆን አባታቸው በጫማ ፋብሪካ ሥራ የበለጸጉ ባለሀብት ነበሩ። ልጃቸው የቤተሰቡን ሥራ እንዲወርሱ ቢፈልጉም የወጣቱ ዝንባሌ ግን ወደ ሥዕልና ወደ ምትሐት ትርኢት ነበር። እ.ኤ.አ በ1884 ወደ ለንደን በሄዱበት ወቅት የምትሐት ትርኢት አዘውትረው መመልከታቸው ይህን ዝንባሌያቸውን እንዳጠናከረው የታሪክ ጸሐፊዎች ይገልጻሉ። አባታቸው በ1888 ከሥራ ሲገለሉ ሜልዬስ በፋብሪካው የነበራቸውን ድርሻ ለወንድሞቻቸው በመሸጥ፣ በፓሪስ የሚገኘውንና በምትሐት ትርኢት የታወቀውን የሮበርት ኡዳን ቴአትር ቤት ገዙ።

የሕይወታቸው አቅጣጫ የተለወጠው ታኅሣሥ 28 ቀን 1895 ነው። በዚህ ዕለት የሉሚዬር ወንድማማቾች ተንቀሳቃሽ ምስል በፓሪስ ግራንድ ካፌ ለከፋይ ተመልካች ሲያሳዩ ሜልዬስ ከታዳሚዎቹ መካከል ነበሩ። መሣሪያውን ለመግዛት ወዲያው ገንዘብ ቢያቀርቡም ጥያቄያቸው ተቀባይነት አላገኘም። ሜልዬስ ግን ተስፋ ሳይቆርጡ ከለንደን የተገዛ የፊልም ማሳያ መሣሪያ አስመጥተው አሠራሩን ካጠኑ በኋላ የራሳቸውን ካሜራ ሠርተው በ1896 ፊልም ማንሳት ጀመሩ።

የሉሚዬር ወንድማማቾች በአብዛኛው የሚያነሱት የዕለት ተዕለት ኑሮን ሲሆን፣ ሜልዬስ በአንጻሩ ካሜራው በዓይን የማይታየውን ነገር ሊያሳይ እንደሚችል ተገነዘቡ። ቀረጻን አቁሞ ዕቃ በመለወጥ ሰው እንዲሰወር ወይም ሌላ እንዲሆን ማድረግን፣ አንዱን ምስል በሌላው ላይ መደረብንና የመሳሰሉትን ዘዴዎች ለፊልም ሥራ በስፋት አዋሉ። በዚሁ በ1896 ያዘጋጁት፣ ትርጉሙ የሰይጣን መኖሪያ የሆነው የሦስት ደቂቃ ያህል ፊልም፣ የሌሊት ወፍ ወደ ሰይጣን ሲለወጥ፣ አፅምና መናፍስት ሲታዩና ሲሰወሩ የሚያሳይ ሲሆን በበርካታ የፊልም ታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ የመጀመሪያው አስፈሪ ፊልም ተደርጎ ይቆጠራል። በአዲስ አበባም ቀደም ብለው ከተከፈቱት ሲኒማ ቤቶች አንዱን ሕዝቡ የሰይጣን ቤት ብሎ መጥራቱ፣ የጨለማው ክፍልና የሚንቀሳቀሰው ምስል በየአገሩ ምን ዓይነት ስሜት ይፈጥር እንደነበር ያመለክታል።

ሜልዬስ በ1897 ከፓሪስ በስተ ምሥራቅ በምትገኘው ሞንትረይ የፀሐይ ብርሃን እንዲያስገባ ግድግዳውና ጣሪያው በመስታወት የተሸፈነ ስቱዲዮ አሠሩ። ስታር ፊልም በተሰኘው ድርጅታቸው አማካይነትም ደራሲ፣ አዘጋጅ፣ ተዋናይና የመድረክ ሠዓሊ በመሆን እስከ 1913 ድረስ ከ500 በላይ ፊልሞችን አዘጋጅተዋል።

ከሁሉም ይበልጥ ዝና ያተረፈላቸው በ1902 ያቀረቡት ወደ ጨረቃ ጉዞ የተሰኘው ሥራቸው ነው። በዡል ቬርንና በኤች ጂ ዌልስ ድርሰቶች ላይ ተመርኩዞ የተዘጋጀው ይህ ፊልም፣ ከመድፍ በተተኮሰ መንኮራኩር ወደ ጨረቃ ያመሩ ስድስት የሥነ ፈለክ ሊቃውንትን ገጠመኝ ይተርካል። መንኮራኩሩ በጨረቃ ዓይን ላይ የተሰካበት ትዕይንት ዛሬም ድረስ የሲኒማ ጥበብ መለያ ምልክት ሆኖ ያገለግላል። ተጓዦቹ በጥላ ሲመቷቸው ብን ብለው የሚጠፉት የጨረቃ ነዋሪዎችም ለዘውጉ ፈር ቀዳጅ ሆነዋል። የሰው ልጅ ጨረቃን የረገጠው ከ67 ዓመታት በኋላ በ1969 መሆኑ ሲታሰብ የአዘጋጁ አርቆ አሳቢነት ጎልቶ ይታያል።

ይሁን እንጂ ዝናው የሚገባውን ገቢ አላስገኘላቸውም። ፊልሙ በአሜሪካ ያለ ፈቃዳቸው ተባዝቶ የተሸጠ ሲሆን፣ የኤዲሰንን ኩባንያ ጨምሮ ቅጂውን ያሰራጩት ድርጅቶች ሲጠቀሙ ለባለቤቱ የተከፈለ ነገር አልነበረም። ሜልዬስ ይህን ለመግታት በ1903 ወንድማቸው ጋስቶን የሚመሩትን ቅርንጫፍ በኒው ዮርክ ከፈቱ፤ ፊልሞቻቸውንም በአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ መሠረት ማስመዝገብ ጀመሩ።

በ1909 ሜልዬስ በሊቀመንበርነት በመሩት የፓሪሱ የፊልም ሠሪዎች ጉባኤ ፊልም በሽያጭ መቅረቡ ቀርቶ በኪራይ እንዲሆን ተወሰነ። ይህ አሠራር ብዙ ፊልም በፍጥነት ማምረት ለሚችሉ ታላላቅ ኩባንያዎች እንጂ እንደ ሜልዬስ በአነስተኛ አቅም ለሚሠሩ ግለሰቦች የሚመች አልነበረም። በ1911 የሞንትረይ ንብረታቸውን በዋስትና አስይዘው ከፓቴ ኩባንያ ገንዘብ ቢበደሩም የተመልካቹ ፍላጎት ተለውጦ ስለነበር ፊልሞቹ ገበያ አላገኙም። በ1913 ባለቤታቸው በሞት ሲለዩዋቸው የፊልም ሥራቸውም በዚያው ዓመት አበቃ።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ከተነሳ በኋላ የፈረንሳይ ጦር ከድርጅቱ የወሰዳቸው በርካታ ፊልሞች ብራቸውና ሴሉሎይዳቸው ለሌላ አገልግሎት እንዲውል ቀለጡ፤ ከቅላጩም የጫማ ተረከዝ ተሠራ። ከአባታቸው የጫማ ፋብሪካ ወጥተው ወደ ጥበብ የገቡት ሰው ሥራቸው መልሶ ጫማ ሆነ። በ1923 ቴአትር ቤታቸው ለመንገድ ሥራ ፈረሰ፤ የሞንትረይ ንብረታቸውም ከእጃቸው ወጣ። በዚህን ጊዜ ሜልዬስ የቀሩትን ዋና የፊልም ቅጂዎች ማስቀመጫ በማጣትና በብስጭት በገዛ እጃቸው አቃጠሉ።

በ1925 በፊልሞቻቸው ስትተውን የነበረችውን ዣን ዳልሲን አግብተው በሞንፓርናስ የባቡር ጣቢያ በምትገኝ አነስተኛ ሱቅ አሻንጉሊትና ከረሜላ በመሸጥ ይተዳደሩ ጀመር። ለዓመታት ተረስተው ከቆዩ በኋላ አንድ ጋዜጠኛ ማንነታቸውን በመለየቱ ታሪካቸው እንደገና ተነሳ። በታኅሣሥ 1929 በፓሪስ በተዘጋጀላቸው ደማቅ የክብር ምሽት ከጥፋት የተረፉ ፊልሞቻቸው ለሕዝብ ታዩ። በ1931 የሌዥዮን ዶኔር ኒሻን ሲሸለሙ ኒሻኑን ያጠለቁላቸው ሉዊ ሉሚዬር ነበሩ። ከ1932 ጀምሮ በኦርሊ በሚገኘው የፊልም ባለሙያዎች የጡረታ መኖሪያ ከባለቤታቸውና ከልጅ ልጃቸው ጋር ኖረው፣ ጥር 21 ቀን 1938 በ76 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል።

ከ500 ከሚበልጡት ፊልሞቻቸው እስካሁን የተገኙት 200 ያህሉ ናቸው። ከተረፉት መካከል የተወሰኑት ለቅጂ መብት ምዝገባ ሲባል በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በወረቀት ላይ ታትመው የተቀመጡ ናቸው። በእጅ ቀለም የተቀባው የወደ ጨረቃ ጉዞ ቅጂም በ1993 በባርሴሎና ተገኝቶ ለዓመታት ከተጠገነ በኋላ በ2011 በካን የፊልም ፌስቲቫል ለዕይታ በቅቷል።

በአገራችንም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለፊልም ሥራዎች ጥበቃ ይሰጣል። የሜልዬስ ታሪክ እንደሚያሳየው ግን ሕጉ ፍሬ የሚያፈራው መዝጋቢው ሲመዘግብና የሰነድ ባለሙያውም የተረከበውን በአግባቡ ሲያቆይ ነው። ታላቁ የፊልም አዘጋጅ በገዛ እጃቸው ያቃጠሉትን ሥራ በከፊል ለትውልድ ያተረፈው፣ ስማቸው በታሪክ ያልተጠቀሰ የመዝገብ ቤት ሠራተኞች በየመደርደሪያው ያኖሩት ወረቀት ነውና።