ቅዱስ ያሬድና የማኅበር ጸሎት

ሊቁ ቅዱስ ያሬድ በ505 ዓ.ም. በአክሱም ተወለደ። በልጅነቱ ትምህርት ስለ ከበደው ከአጎቱና ከመምህሩ ከአባ ጌዴዎን ሸሸ፤ ነገር ግን እየወደቀ እየተነሣ ከዛፍ ጫፍ የደረሰ ትል አይቶ ተመለሰ። እግዚአብሔርም ግዕዝን፣ ዕዝልንና አራራይን ገለጠለት። በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር ንጉሡ በያዘው ጦር ሳያውቅ እግሩን ወጋው፤ ዘማሪውም ሰሚውም በአንድ ምስጋና ተመስጠው ነበርና የሚፈሰው ደም አልታወቃቸውም።

ዛሬም ከአክሱም እስከ ሚዛንና ቴፒ ካህናት በቀኝና በግራ ቆመው ዜማውን ይቀባበላሉ፤ አንዱ ሲደክም ሌላው ያነሣለታል። እኛም የግል ጸሎታችንን ሳንተው ወደ ማኅበሩ እንምጣ፤ ለብቻ የዛለ እምነት በወንድሞችና በእኅቶች መካከል ይበረታልና።

የቅዱስ ያሬድ በረከት አይለየን፤ አሜን።