የቤሲ ስሚዝ ድምፅና ውሏ

ስለ ገንዘብ አያያዝ ስንወያይ የቤሲ ስሚዝ ሕይወት ጥሩ ማስተማሪያ ይሆነናል። ቤሲ በ1894 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ፣ በቴነሲ ግዛት፣ በቻታኑጋ ከተማ ከድሃ ጥቁር ቤተሰብ ተወለደች። ገና ልጅ ሳለች ወላጆቿ ስለሞቱባት ከወንድሟ ጋር በየመንገዱ እየዘፈነች ሳንቲም ትለቅም ነበር።

በ1923 ኮሎምቢያ ከተባለው የሸክላ ኩባንያ ጋር ተዋዋለች። የመጀመሪያ ሸክላዋ በመቶ ሺዎች ተሸጠ። ውሏ ግን ለአንድ ሸክላ የቁርጥ ዋጋ ብቻ የሚከፍል ነበር፤ ከሽያጩ ድርሻ አልነበራትም።

በ1937 በመኪና አደጋ ሞተች። በፊላዴልፊያ አቅራቢያ ያለው መቃብሯም 33 ዓመት ያለ ሐውልት ቆየ። በ1970 ኩባንያው የቀድሞ ዘፈኖቿን ሰብስቦ በአልበም አወጣ፤ አልበሞቹ ዛሬም ይደመጣሉ። በዚያው ዓመት ዘፋኟ ጃኒስ ጆፕሊንና በልጅነቷ የቤሲን ቤት ወለል ትወለውል የነበረችው ጁዋኒታ ግሪን ገንዘብ አዋጥተው ሐውልት አቆሙላት።

እህቶቻችን፣ መዋጮውን ከእድራችን እናውቀዋለን። ውሉን ደግሞ ሽሮ ስናስረክብም ሆነ ጥልፍ ስንሸጥ፣ ከመፈረማችን በፊት አብረን እናንብበው፤ ድርሻችንም በቁጥር ይጻፍ።