አባ ማስያስ በካፋ፦ ክርስቲያን መባል ብቻውን ያድናል?

ቦንጋ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ቡና ነው። ቡናው፣ ጫካው፣ ማሩ። ግን ከ160 ዓመት በፊት አንድ ጣሊያናዊ መነኩሴ ሌላ ነገር ፍለጋ እዚህ ምድር ደርሰው ነበር። ይዘውት የመጡት ጥያቄ ዛሬም አላረጀም፤ ሰው የሚድነው በምንድን ነው?

ሰውየው ጉልየልሞ ማሳያ ይባላሉ፤ በአገራችን የሚታወቁት አባ ማስያስ ተብለው ነው። የተወለዱት በ1809 ጣሊያን፣ ፒዬሞንቴ ውስጥ ነው (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በወጣትነታቸው የካፑቺን ማኅበር መነኩሴ ሆኑ።

ወደ ኢትዮጵያ የመምጣታቸው ነገር ከቦንጋ ጋር ይያያዛል። በ1843 አንቷን ዳባዲ የተባለ ፈረንሳዊ ተጓዥ ቦንጋ ገብቶ ነበር። በደቡብ ምዕራብ ያየውንና የሰማውን ጻፈ፤ ሚስዮናውያን እንዲላኩም ሮምን ጠየቀ። በ1846 ማሳያ ጳጳስ ተደርገው ተሾሙና ጉዞ ጀመሩ። መንገዱ ግን ቀላል አልነበረም። ተከለከሉ፣ ተመለሱ፣ በሱዳን በኩል ዞሩ፤ በመጨረሻ ነጋዴ መስለው በ1852 ዓባይን ተሻገሩ። ካፋ የደረሱት በ1859 ነው። ከሹመታቸው እስከ ካፋ 13 ዓመት ማለት ነው!

ካፋ ያኔ በራሱ ንጉሥ፣ በታቶ የሚተዳደር ነጻ መንግሥት ነበር። ክርስትና ወደ አገሩ የገባው በ16ኛው መቶ ዘመን፣ በዐፄ ሠርፀ ድንግል ጊዜ እንደሆነ ይነገራል። በኋላ ግን ከሰሜኑ ጋር የነበረው ግንኙነት ላላ፤ የሚያስተምር ካህንም ጠፋ። ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የቆየው በአብዛኛው የክርስቲያንነት ስሙና ጾሙ ነበር። ጎን ለጎን ደግሞ የእቆ መንፈስ እምነት ጠንክሮ ይኖር ነበር።

አባ ማስያስ እዚህ ጋ ቆም አሉ። ሰዎቹ ክርስቲያን ነን ይላሉ፣ ይጾማሉም። ታዲያ ምን ጎደለ? የሳቸው መልስ የቤተ ክርስቲያናቸው ትምህርት ነበር። መዳን በዘር አይወረስም፤ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው። ሰው በእምነትና በጥምቀት ይቀበለዋል። ካጠፋ ንስሐ ይገባል፣ ከዚያ ኑሮው ራሱ መለወጥ አለበት። ለዚህም ነው ሊሞት የደረሰ ሕፃን ምንም ሳይጠየቅ የሚጠመቀው፤ አዋቂው ግን የሚተወው ነገር እንዳለ ይነገረዋል። ጾም ለዚህ ያግዛል እንጂ ይህን አይተካም።

ይህን ማስተማር አንድ ነገር ነው፤ ፈተናው ግን ከራሳቸው ቤት መጣ። በ1855 ቀድመው ወደ ካፋ የላኳቸው አባ ቼዛሬ የሚባሉ መነኩሴ ነበሩ። እኚህ ሰው ከወንድሞቻቸው ርቀው ለዓመታት ብቻቸውን ቆዩ፤ በዚያው መሐላቸውን ጥለው ከአንዲት የአገሩ ሴት ጋር መኖር ጀመሩ። አስቡት እስቲ፤ ንስሐ ግቡ ብሎ የሚሰብከው ሰው ራሱ ንስሐ አስፈለገው። ጳጳሱ ነገሩን መሸፋፈን ይችሉ ነበር፤ አገሩ ሩቅ፣ የሚጠይቅም የለም። ሰውየውን አባረው መገላገልም ይችሉ ነበር። ሁለቱንም አላደረጉም። ጥፋቱን ጥፋት ብለው፣ ሰውየውን ግን በንስሐ መለሱ። ምዕመኑን የሚጠይቁትን ከካህኑም ጠየቁ። የዚያችን ሴት ሐዘን ግን ማን ጻፈው? የአንዱ ንስሐ በሌላው ላይም ዋጋ ሊያስከፍል እንደሚችል መርሳት የለብንም።

ካፋ የቆዩት ሁለት ዓመት ያህል ብቻ ነው። በ1861 ከአገሩ ተባረሩ። በ1868 ሸዋ ገቡና በምኒልክ ዘንድ ተከበሩ፤ ፊንፊኔ ላይ ሚስዮን አቋቋሙ። ፈንጣጣ ሕዝቡን ሲፈጅ ይከትቡ ስለነበር የፈንጣጣ ጌታ የሚል ስም ወጣላቸው። በ1879 ደግሞ በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ትእዛዝ ከኢትዮጵያ ወጡ። በ1884 ካርዲናል ሆኑ፤ በ1889 ጣሊያን ውስጥ አረፉ። ፖፕ ፍራንሲስ በ2016 ወደ ቅድስና ከሚያደርሱት ደረጃዎች አንዱን፣ ክቡር የሚለውን ማዕረግ ሰጥተዋቸዋል።

አባ ማስያስ የዘመናቸው ሰው ነበሩ። ከሮም ውጪ ያሉ ክርስቲያኖችን ተሳስተዋል ብለው ነበር የሚያዩት፤ ዛሬ የራሳቸው ቤተ ክርስቲያን እንኳ ስለ ኦርቶዶክስ እንዲያ አትናገርም። በዚህ ባንስማማም በካፋ ያነሱት ጥያቄ ግን ኦርቶዶክሱንም፣ ፕሮቴስታንቱንም፣ ካቶሊኩንም ይነካል። አንገታችን ላይ ማተብ አለ፣ ስልካችን ላይ ጥቅስ አለ፣ በየበዓሉ የምንለጥፈው ፎቶ አለ። ጥሩ ነው። ግን የበደልነውን ሰው ሄደን ይቅርታ ጠይቀናል? ልንተወው የሚገባንንስ ትተናል? አባ ማስያስ ቢኖሩ መጀመሪያ የሚጠይቁን ይህን ይመስለኛል።