ድምፅን በብረት ሽቦ ያኖሩት ፖልሰን

ዴንማርካዊው መሐንዲስ ቫልዴማር ፖልሰን እ.ኤ.አ. በ1869 በኮፐንሃገን ተወለዱ። በከተማዋ የስልክ ኩባንያ ሲያገለግሉ፣ ድምፅን በብረት ሽቦ ላይ በማግኔት የሚቀርጸውን ቴሌግራፎን ፈልስፈው በ1898 አስመዘገቡ። በሽቦው የተቀረጸው በማግኔት ይጠፋል፤ ሽቦውም ለሌላ ድምፅ ያገለግላል። በ1900 በፓሪስ ዓለም አቀፍ ትርዒት የኦስትሪያው ንጉሠ ነገሥት ፍራንዝ ዮሴፍ በመሣሪያው ያስቀረጹት ድምፅ፣ ሌላ ስላልተቀረጸበት፣ ዛሬም ይሰማል።

ፖልሰን በ1942 ዐረፉ። የመጀመሪያው የኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ የወጣው ከ14 ዓመታት በኋላ ቢሆንም፣ መረጃ የሚይዘው እርሳቸው ባሳዩት የማግኔት ዘዴ ነው። በእንዲህ ያለ ዲስክ ፋይል ሲሰረዝ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠፋው አድራሻው ብቻ ነው፤ መረጃው ሌላ እስኪጻፍበት ይቆያል። ሰነዱ በስሕተት የተሰረዘበት ሰው ዲስኩን መጠቀም አቁሞ ለባለሙያ ቢያሳይ፣ ሰነዱ የመመለስ ተስፋ አለው።