ካርል ሼሌና በጠርሙስ የበቀለው አተር

በመልካ ጀብዱ ብቅል የምታበቅል እናት ገብሱን ዘፍዝፋ፥ ውሃውን አጥልላ፥ በቅጠል ጠቅልላ ታኖረዋለች። ከጥቂት ቀን በኋላ ልጅዋ እጁን ወደ ውስጥ ቢሰድ እህሉን ሞቆ ያገኘዋል። እሳት አልነደደበትም፤ ፀሐይም አልነካውም። እህል ሲበቅል ምን እንደሚሠራ በመስፈር ካሳዩት ከፊተኞቹ ሰዎች አንዱ ካርል ቪልሄልም ሼሌ ነበረ።

ሼሌ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1742 ዓ.ም. በስትራልዙንድ ከተማ ተወለደ። ከተማይቱ በዚያ ዘመን የስዊድን ንጉሥ ግዛት ነበረች፤ ዛሬ ግን በጀርመን አገር ናት። አባቱ እህል ነጋዴና ቢራ ጠማቂ ስለ ነበረ፥ ብቅል ለልጁ እንግዳ ነገር አልነበረም ብዬ አስባለሁ። በ14 ዓመቱ ወደ ጎተንበርግ ሄዶ ከመድኃኒት ቀማሚ ዘንድ ሥራ ለመማር ገባ። ቀን የጌታውን ሥራ ይሠራል፤ ሌሊት መጻሕፍት ያነባል፥ ያነበበውንም በእጁ ይፈትናል።

ከዕለታት አንድ ቀን የራሰ አተር ከጥቂት ውሃ ጋር በጠርሙስ ጨምሮ አፉን አጥብቆ ደፈነው። አተሩ ሥር ሰደደ፥ ቡቃያም አወጣ፤ ኋላ ግን ማደጉን ተወ። ሼሌ ጠርሙሱን በውሃ ውስጥ ደፍቶ ቢከፍተው አየሩ አልጨመረም፥ አልጎደለምም። ሌላ ሰው ቢሆን ምንም አልተለወጠም ብሎ በተወው ነበር። እርሱ ግን በኖራ ውሃ ፈተነው፤ ያን ጊዜ የአየሩ ሩብ በኖራው ተመጠጠ። በቀረውም አየር ውስጥ እሳት ቢያገቡበት ጠፋ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአየር አምስት እጅ አንዱ ያህል ኦክሲጂን ነው። ዘር ሲበቅል ኦክሲጂንን ይስባል፤ በሆዱ የተከማቸውን ስንቅ ቀስ በቀስ ያቃጥላል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድም ያወጣል። የብቅሉ ሙቀት ከዚህ የመጣ ነው። የሚገባውና የሚወጣው ልክ ለልክ ሲሆን ጉድለት አይታይም፤ ኖራ ግን የወጣውን ስለሚይዝ የተበላው መጠን ይገለጣል። ሼሌ የሚሠራው በጠርሙስና በከብት ፊኛ ነበርና፥ ልኩ ጥቂት ቢበልጥ አይገርምም። ምክንያቱንም አሳስቶ ገምቶ ነበር፤ ኋላ የፈረንሳዩ ላቩዋዝዬ አቀናው።

ኦክሲጂንን ራሱን ያገኘው ከሌሎች ቀድሞ ነበር፤ የእሳት አየር ብሎም ሰየመው። ነገር ግን የመጽሐፉ መታተም እስከ 1777 ዓ.ም. ዘገየ። በዚህ መካከል እንግሊዛዊው ፕሪስትሊ በ1774 ዓ.ም. ያንኑ አየር አግኝቶ ቀድሞ አሳተመ፤ ስለዚህ ብዙ ሰው ክብሩን ለፕሪስትሊ ሰጠ። ሼሌ ግን በስዊድን አገር በምትገኝ ሾፒንግ በምትባል ትንሽ ከተማ መድኃኒት ቤት ይዞ ሥራውን ቀጠለ።

አንድ ክፉ ልማድ ነበረው፤ ያገኘውን ነገር ሁሉ፥ መርዝ እንኳ ቢሆን፥ ያሸትና ይቀምስ ነበር። እናንተ ልጆች ይህን ከቶ አታድርጉ። ዕድሜውን ያሳጠረው ይህ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ሊሞት ጥቂት ቀን ሲቀረው ከእርሱ በፊት የመድኃኒት ቤቱ ጌታ የነበረውን ሰው ሚስት፥ መበለቲቱን፥ አገባ፤ ይህንም ያደረገ ቤቱ ለእርስዋ እንዲቀር ነው። በግንቦት 1786 ዓ.ም. በ43 ዓመቱ ዐረፈ።